ከአጎቴ አልጋ ሥር የነበረው ሪሌ

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ከአጎቴ አልጋ ሥር ያሰርኩት ሞተር ሁለት ጊዜ አንኳኳና ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግን መደወሉን ቀጠለ። አጎቴ አልነቁም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከሰባዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንዱ። የትኛው እንደሆነ ለማጣራት ሞክሬ ነበር፤ የጠየቅኳቸው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ዓመት ስለነገሩኝ ትቼዋለሁ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ቄስ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ደወል ለሚሰማ ሰው ቅርብ በሚባል ቦታ ላይ ነው። እሳቸው ግን ደወሉን አይሰሙም። ግራ ጆሯቸው ጭራሽ ጠፍቷል፤ ቀኙ ተጠግተው ከፍ አድርገው ሲናገሩት ይቀበላል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ደወል ሲደወል ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸው ነበር። ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ነገሩ ተገለጠ፤ ያውም ለእኔ ብቻ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ሰነበቱ። ጉልበታቸው ተሽሏቸው ተመለሱ፤ ጆሯቸው እንደሄደ መጣ።

በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። አጎቴ ሌሊት ለሰዓታት ቆመው፣ ጧት ኪዳን አድርሰው ወደ ቤታቸው ይመለሱና ጋደም ይላሉ። በዚያ ጾም ተራቸው ሆኖ ሁለት ጊዜ ደወሉ አመለጣቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቄስ ተፈልጎ ገባ። የደብሩ አለቃ ጠርተው፣ ዳግም ቢቀሩ ተራቸውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ ነገሯቸው። ቅዳሴ የሚገቡበት የሚቀጥለው ሰሞናቸው እስከ ሆሳዕና የሚዘልቀው ሳምንት ነበር።

"ለአለቃው እውነቱን ለምን አይነግሯቸውም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ዲያቆኑ የሚለውን አልሰማም ግን ልቀድስ ብዬ?"

"እንዴት ነው ታዲያ እስካሁን የቀደሱት?"

"ቅዳሴውን በጆሮዬ መስማት ከተውኩ ቆየሁ፤ ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ይበቃኛል። 'ተንሥኡ' ሲባል ሕዝቡ ሲነሣ አያለሁ። እጄ ራሱ ያውቃል።"

"እንግዲያው ቀደም ብለው ሄደው ለምን ቅጥር ግቢው ውስጥ አይጠብቁም?"

"ዛፍ ሥር ተቀምጬ እንቅልፍ ይጥለኛል። እዚህ ብተኛ የሚያየኝ የለም፤ እዚያ ብተኛ አገር ያየኛል።" ቀጥለውም፣ "መሬቱ ሄደ፣ ሚስቴ ሄደች። የቀረኝ መቅደሱ ነው፤ ልጄ፣ ከዚያ እንዳልወጣ አንድ ነገር አድርግልኝ" አሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ለማስታወቂያ ቢሮ ዜና እየጻፍኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ የተሰበረ ራዲዮ እየፈታሁ የምገጥም ሰው ነበርኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከተጣለ ስልክ የተነቀለ ማይክሮፎን በመስኮቱ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ አስቀምጣለሁ። ድምፁን ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ማጉያ ያጎላዋል። ደወሉ ሲመታ በአንበሳሜ መንገድ ገደል ከገባ የጭነት መኪና የተገኘ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይነሣና የአልጋውን እግር ያንኳኳል። ጆሮ ባይሰማ ጎን ይሰማል። ለኃይሉ እህል ወፍጮው ቤት የሚሞላ የመኪና ባትሪ ነበረኝ።

ሞተሩ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ የራዲዮ ማጉያ ያን አይችልም። በመካከል ሪሌ ያስፈልጋል። ሪሌ በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው፤ ውስጡ ጥቅል ሽቦ አለው፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲገባ ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ይስባል፤ ምላሷ ሞተሩን ታበራለች። ሪሌ አገኘሁ፤ ገበያው አጠገብ ራዲዮ የሚጠግን ሰው ከተበላሸ ጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ላይ ቆርጦ ከተገጠመበት ሰሌዳ ቁራጭ ጋር ሰጠኝ። የቀረኝ ከማጉያው በሚመጣው ትንሽ ምልክት ጥቅል ሽቦውን የሚያስነሣና የሚያቆም ትራንዚስተር መምረጥ ብቻ ነበር። ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ከራዲዮ የነቀልኩትን ትንሹን ትራንዚስተር አሰርኩ። ገና ብረት መታ መታ አድርጌ ስሞክረው ጣቴን አቃጠለኝና ሞተ። በቴስተር ስለካው የሪሌው ጥቅል ሽቦ የሚጠይቀው ኃይል ትንሹ ትራንዚስተር ሊሸከም ከሚችለው በላይ ነው። ይህ ግልጽ ነበር። ግልጽ የነበረውም እሱ ብቻ ነው።

ጠጋኙ ከመሳቢያው ሥር የብረት ቆብ ያጠለቀ ትልቅ ትራንዚስተር አወጣ።

"ይኸን ውሰድ። በሬ ነው። ሪሌህን ቀርቶ ወፍጮውን ያስነሣልሃል።"

በሬው አልተቃጠለም። ሪሌውም አልተሳበም። ደወል ሲደወል ምላሷ ሳትነካ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ትላለች። ሞተሩ ዝም። ትልቁ ትራንዚስተር ሊሠራ የሚችለው ከፊቱ ያለው ማጉያ በቂ ቀለብ ከሰጠው መሆኑን፣ የእኔ ማጉያ ደግሞ ያን ያህል እንደማይሰጥ የነገረኝ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። እኔን "ጓድ ጋዜጠኛ" እያለ መጥራት ይወድ ነበር፤ የሚወደው ግን ሰው በሌለበት ነው።

"ጓድ ጋዜጠኛ፣ ትንሹ አይችልም፣ ትልቁ አይነሣም። መካከለኛ ፈልግ፤ ትንሹ መካከለኛውን ይቀስቅሰው፣ መካከለኛው ሪሌውን።" ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደግሞ መስኮት ላይ ያለ ማይክሮፎን ሰው ካየ መገናኛ ራዲዮ ነው ይላል። ጨርቅ ጣል አድርግበት" አለኝ።

ጨርቅ ጣልኩበት። ከመኪና ራዲዮ ድምፅ ማውጫ ክፍል መካከለኛ ትራንዚስተር ተገኘ። በመጀመሪያ የጻፍኩት የመጋቢት አሥራ ሁለቱ ነገር የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ሪሌው ቀጭ አለ፣ ሞተሩ አንኳኳ፤ ደወሉ በሁለት ምት መካከል ዝም ሲል ሪሌው ለቀቀ። ሁለተኛው ምት መጣ፤ ቀጭ፤ አንኳኳ፤ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አጠገባቸው ስለነበርኩ አጎቴን በእጄ ቀሰቀስኳቸው። ገና ሰሞናቸው አልነበረምና የጠፋ ነገር የለም።

ግራ ያጋባኝ እዚህ ላይ ነው። ትራንዚስተሩን ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። በሙቀት የሞተ ነገር ይሞቃል፤ ይኼ አልሞቀም። ሌላ ተመሳሳይ አገኘሁና አሰርኩ። ሥራውን ሲጀምር ደህና ነው። አንድ ጊዜ ስቦ ሲለቅ ሞተ። እንግዲህ የሚሞተው ሲሠራ አይደለም፤ ሥራውን ሲያቆም ነው። የሥራ ልማዴ ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ሲናገሩ ቃላቸውን አስተያያለሁ፤ ሁለቱንም ጠየቅሁ።

ጠጋኙ እንዲህ አለ፦ "ይኼ ዕቃ እንደ አንዳንድ ሰው ነው፤ ሥራ አይገድለውም፣ ዕረፍት ነው የሚገድለው። አሁንም ትልቅ ጨምርበት።"

መምህሩ እንዲህ አለ፦ "ሙቀቱ ውስጥ ውስጡን ነው። ቆርቆሮ እሰርለትና ይቀዝቅዝ።"

ቆርቆሮ አሰርኩለት። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በመስኮት ይገባ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን እንደሚያቀዘቅዘው አላውቅም። ቀዝቅዞ ሞተ። ሁለቱም ያሉት ከሆነው ነገር ጋር አልገጠመም። የእኔም ሐሳብ አልገጠመም፤ ባትሪው ጠንክሮበት ይሆናል ብዬ በደከመ ባትሪ ሞከርኩት፤ ሪሌው በደንብ ሳይስብ ለቀቀ፣ ትራንዚስተሩም ያው ሞተ። የደብረ ታቦር መካከለኛ ትራንዚስተር ሁሉ ከአጎቴ አልጋ ሥር ሊያልቅ ሆነ። ሰሞናቸው እየቀረበ ነበር። አጎቴ በየቀኑ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እጄን እያዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል፤

"ዛሬስ ምን ሆነ?"

"ሲያርፍ ሞተ፣ አባባ።"

"ሲያርፍ መሞትማ ያለ ነው" ይሉና ወደ መጽሐፋቸው ይመለሳሉ።

ሌላ ትራንዚስተር ልለምን ወደ ጠጋኙ ሱቅ ስሄድ በእጄ የያዝኩትን፣ ሪሌው ያለበትን የሰሌዳ ቁራጭ አገላብጬ አየሁ። ከጥቅል ሽቦው ሁለት እግሮች አጠገብ ሁለት ትናንሽ ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው የእርሳስ ብየዳ ፍርፋሪ አለ። አንድ ነገር ተነቅሏል ማለት ነው።

"እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"ዳዮድ። ነቀልኩት።"

"ለምን?"

ሳቀብኝ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች በካቻቢቴው ጫፍ አሳየኝ። በዚያን ጊዜ ባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ማታ ማታ የከተማው መብራት ሲመጣ ራዲዮውን በመብራት የሚያሠራለት ሣጥን ሰው ሁሉ ይፈልግ ነበር። ሣጥኑ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ከሌለው አይሠራም፤ ዳዮድ ደግሞ ከዕቃ ሁሉ የጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ በከተማችን የወዳደቀ ኤሌክትሪክ ዕቃ በማንም እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ዳዮዱን መንቀል ነበር፤ ዶሮ ሲታረድ ቀድሞ ላባው እንደሚነጭ።

"በዚህ ሪሌ ላይ ብቻ ነው የነበረው?"

"በሁሉም ሪሌ ላይ አለ። ከሽቦው ጎን ለጎን፣ ምንም ሳይሠራ። አገላብጠው ነው ደግሞ የሚያስሩት፤ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍበት አድርገው። ፈረንጅ ሲጠግብ እንዲህ ነው፤ እኛ እያጣን እሱ ለጌጥ ያስቀምጠዋል።"

"በሁሉም ላይ ከሆነማ ለጌጥ አይሆንም።"

"እንግዲያው አንተ ንገረኛ ለምን እንደሆነ።"

ኤሌክትሪክ እንዳያልፍበት ተገልብጦ የታሰረ ዕቃ ምን ይጠቅማል? ጥያቄውን ይዤ ወደ መምህሩ ሄድኩ። ጥቅሉንና ዳዮዱን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ከዚያ ራሱን መታ አደረገ።

"ተጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ በቅሎ አይተሃል? ልጓሙን ድንገት ብትስበው ምን ይሆናል?"

"ጭነቱ አንገቱ ላይ ይመጣል።"

"በቃ። ጥቅሉ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቆም አልቆምም ይላል። ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት አውጥቶ የሚያገኘው ትራንዚስተሩን ነው፤ ይሰብረዋል። ሪሌው ሲሠራ ዳዮዱ ዝም ይላል፤ ሪሌው ሲቆም ግን ለዚያ ጉልበት መዞሪያ መንገድ ይሆናል። እየዞረ ይደክማል። ይህን እኮ ራሴ አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ። ሰሌዳ ላይ ግን የሚሞት የለም።"

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ዳዮድ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። ጠጋኙ ያሉትን ሁሉ ለሣጥን ስለቆረጣቸው፣ "የሰው ራዲዮ ላጨልም?" ብሎ ከለከለኝ። የራሴን ሣጥን ፈትቼ ነቀልኩ። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ የማታውን ዜና የምሰማው ጎረቤት ቤት ሄጄ ነበር።

በመጀመሪያ ያሰርኩት በተሳሳተው በኩል ነው። ዳዮዱ ላይ ያለው መስመር ወደ ባትሪው አዎንታዊ ጫፍ መዞር ሲኖርበት ወደ ትራንዚስተሩ አዞርኩት፤ ሌላ ትራንዚስተር ሄደ። ይኼኛው ሞቆ ነው የሞተው፤ ቢያንስ ይህ ይገባኛል ብዬ ተጽናናሁ። ገልብጬ አሰርኩት። መዶሻ በብረት ላይ መታሁ። ቀጭ፣ ለቀቀ፣ ቀጭ፣ ለቀቀ። ክንዴ እስኪደክም መታሁ፤ ትራንዚስተሩ አልሞተም። አጎቴ እጃቸውን የአልጋው ጠርዝ ላይ ጭነው ንዝረቱን ያዳምጡ ነበር።

"እንደ ሚስቴ ነው የሚቀሰቅሰኝ" አሉ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡ። "እሷ እንኳ ለስለስ ታደርገው ነበር።"

ሰሞናቸው ገባ። ሰኞም ማክሰኞም ሞተሩ አንኳኳ፤ ተነሥተው በሰዓቱ ደረሱ። አለቃው ምንም እንዳላሏቸው ነገሩኝ፤ አለቃው ምንም ካላሉ ጥሩ ነው።

ረቡዕ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የቀበሌው መጥሪያ ከዋርካው ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ይመታል። የስብሰባው ሜዳ ከአጎቴ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ለሥራዬ ቀድሜ ደርሼ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሰው ገብቶ ስም ጥሪ ሊጀመር ሲል፣ አጎቴ ጥምጣማቸውን አሳምረው ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሜዳው ዳር ወደ ላይ ሲወጡ አየን። የሁላችንን ጆሮ የመታው ያው ቸርኬ ነው፤ የእሳቸውን አልጋ የመታውም እሱ ነው። ማይክሮፎኑ ደወልን ከቸርኬ አይለይም። ይህ ለእኔ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው።

"ቄሱ!" አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር። "ወዴት ነው? ስብሰባው እዚህ ነው!"

አጎቴ አልዞሩም።

"ኧረ ቄሱ!"

አልዞሩም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ሮጠና ከፊታቸው ቆመ። ያኔ ብቻ ቆሙ። ዞር ብለው የተሰበሰበውን ሰው አዩ፤ አንድ በአንድ አዩ፤ እኔንም አዩኝ።

"ሲጠሩ አይሰሙም?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

አጎቴ የሊቀ መንበሩን ከንፈር ተመለከቱ። "ደወል ሰምቼ ነው የወጣሁ" አሉ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ምኑን ሰሙት? እኛ የሰማን ቸርኬ ነው" አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ "ለቄስ ቸርኬውም ይቀድሳል መሰል።" ተሳቀ። ሊቀ መንበሩም ፈገግ አሉና፣ "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አሉ።

አለቃው ከፊት ረድፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ሲስቁ አላየኋቸውም። አጎቴ ሲደርሱ ተነሡና የተቀመጡበትን ቦታ ለቀው ወደ ሌላው ጎን ዞሩ፤ አጎቴን በግራቸው አስቀመጧቸው። በዚያ አቀማመጥ የአጎቴ ቀኝ ጆሮ ከአለቃው አፍ አጠገብ ነበር። የትኛው ጆሮ እንደሚሠራ ለማንም አልተናገርኩም። አጎቴም አልተናገሩም፤ በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ።

ስብሰባው ረዘመ። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከላይ ተሰማ። አለቃው በጭራቸው እጀታ የአጎቴን ጉልበት ነካ አደረጉ። ሊቀ መንበሩን አስፈቅደው ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ።

ማታ ከአጎቴ ቤት ሄድኩ። መሣሪያውን ልንቀለው ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅኳቸው። "እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ። "አለቃው ያውቁ ነበር?" አልኳቸው። "እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ ደግመው። ተራቸው ይወሰድባቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ መጽሐፋቸውን አንሥተው ገለጡ። ቀኝ ጆሯቸው አጠገብ ሆኜ ነው የጠየቅኳቸው።

ሐሙስ አለቃውን መንገድ ላይ አግኝቼ እጅ ነሣሁና ጠየቅኳቸው።

"አባቴ፣ የአጎቴ ነገር እንዴት ሆነ?"

"የአጎትህ ነገር ምን ሆነ?"

"ማለቴ፣ ተራቸው።"

"በዚህ ሰሞን የተቋረጠ ቅዳሴ አለ?"

"እኔ እስከማውቀው የለም።"

"እንግዲያው ለዜና የሚሆን ነገር የለህም" አሉና አለፉ።

አለቃው ከመቼ ጀምሮ ያውቁ እንደነበር፣ ያውቁ ከነበረም ያን ማስጠንቀቂያ ለምን እንደሰጡ፣ ወይስ ያወቁት በዚያ ሜዳ ላይ እንደሆነ እስካሁን አላጣራሁም። ሁለቱም በሕይወት የሉም። አርብና ቅዳሜ ለሥራ ወደ ይፋግ ከተማ ሄጄ ስለነበር በእነዚያ ቀናት የሆነውን አላየሁም፤ የተነገረኝም እርስ በርሱ ይጋጫል። አንድ ሰው ሌላ ቄስ ተጠርቶ ነበር አለኝ፤ ሌላው አልተጠራም አለኝ።

የሆሳዕና ዕለት ጧት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ነበር። ለቅዳሴ ወደ መቅደስ የገቡት ልዑካን አምስት ነበሩ፤ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት። ከሁለቱ ቄሶች አንዱ አጎቴ ነበሩ።